እሾህ የሌለው አጥር

እትዬ ዘርፌ ማረፋቸውን የሰማሁት አስኮ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የነገረችኝ የድሮ ጎረቤታችን የአቶ ከድር ልጅ ናት። ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸዋል። እኔ ከሰፈሩ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ሰው ሊልክብኝ ያሰበ አልነበረም። በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለልቅሶ ሄድኩ።

ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ቤት ውስጥ ጥቂት ሴቶች ብቻ ተቀምጠዋል። አጠገቤ የነበረች አንዲት ወጣት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሟቿ በጃንሆይ ጊዜ ጆሮ ጠቢ ነበሩ የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሳቸው አፈር ከለበሱ በኋላ እንኳ ያ ወሬ አለመሞቱ ገረመኝ። እንዳልነበሩ ነገርኳት። እንዳላመነችኝ ከፊቷ አየሁ፤ ግን አልፈረድኩባትም። እኔም አንድ ሰሞን እንደ እሷ ጠርጥሬያቸዋለሁ። እሳቸውም እኔን ጠርጥረውኛል፣ ያውም ክፉኛ።

እትዬ ዘርፌ ወደ ኮልፌ የመጡት ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ለምለም ሳለ ነው። እኔና ባለቤቴ ተፈራ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። ተፈራ አናጢ ነው። ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሰፈሩ እንደ ዛሬ አልተጨናነቀም። ከደጃችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርድ ሰፊ መስክ ነበረ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሲጠቀሙበት የምናየው አቶ ከድርን ነው። አቶ ከድር እህልና ቅቤ ይነግዳሉ፤ ላሞቻቸውን እዚያ ያግጣሉ፣ በዚያው አቋርጠው ወንዝ ያወርዷቸዋል።

እትዬ ዘርፌ ከመስኩ ጥግ ትንሽ ቤት አሠሩ። የቤቱ ምርጊት ሳይደርቅ በጭነት መኪና የጽድ ቋሚና የባሕር ዛፍ አጣና አስመጥተው አጥር ጀመሩ። የሚያጥሩት ግን ቤቱን አይደለም፣ መስኩን ነው። ቤታቸው እንደ ተራቆተ ቀረ። ላም የላቸው፣ በግ የላቸው፣ አህያ እንኳ የላቸው።

በዚያ ዘመን ባዶ መሬት ላይ እንጨት የሚተክል ሰው ከጀርባው አንድ ትልቅ ሰው አለው ተብሎ ነበር የሚገመተው። አቶ ከድርም ወዲያው እንደዚያ አሉ። ሴትዮዋ ስም ብቻ ናቸው፣ መሬቱን የሚውጠው ሌላ ነው፣ ነገ እኛንም ከነቤታችን ያነሣናል እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ወሰዱት። ብቻቸውን የመጡ ሴት፣ ዘመድ የማይጠይቃቸው፣ ስለ ራሳቸው ምንም የማይናገሩ፣ ሰውን ግን ሁሉን ነገር የሚጠይቁ ሴት ጆሮ ጠቢ ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ይችላሉ ተባለ።

ጠባያቸውም ወሬውን የሚያበርድ አልነበረም። ረጅም፣ ጠይም፣ ደረቅ ያሉ ሴት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ ይመስላል። ሲያነጋግሩን ፊት ለፊት አይቆሙም፤ ወደ ጎን ዞር ብለው በራቸውን እያዩ ነው የሚያወሩት። ወተት ሲገዙ መጀመሪያ ሻጯን ያስቀምሳሉ። የአቶ ከድር ሚስት በዚህ ተቀይማ ለእሳቸው መሸጥ ተወች። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጥያቄያቸው ነው። ዛሬ ባሌ ማን ጋ እንደሚሠራ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ከቀናት በኋላ ጨርሶ እንደ ረሳ ሰው ያንኑ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የመዘንጋት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው መልሴን ከመልሴ እያስተያዩ መሆኑ የገባኝ። አንድ ጊዜ አገሬን ሲጠይቁኝ ደብረ ብርሃን አልኳቸው።

"ያን ቀን ቡልጋ ነበር ያልሽኝ፤ ዛሬ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ?" አሉኝ።

አባቴ የቡልጋ ሰው፣ እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን መሆኑን አስረዳሁ። "እህ" አሉ። እኔም ቤቴ ገብቼ ለተፈራ፣ እኚህ ሴትዮ የሚጠይቁን ለሰው ሊያቀብሉ ነው አልኩት።

ተፈራ ግን ከእሳቸው ሥራ ስላገኘ ሳቀብኝ። አጥሩን እንዲሠራላቸው የቀጠሩት እሱን ነው። ብዙም አልቆየም፣ እሱም መሳቁን ተወ። ማታ ማታ ሲመጣ የሚነግረኝ እንቆቅልሽ ነበር። እሾሃማ ሽቦ እንሳብበት ቢላቸው ተቆጡ። ቅርፊቱ ያልተላጠ አጣና አይቀበሉም፤ ያስልጡታል፣ ከዚያ እጃቸውን እየዳበሱበት ስንጥር ይፈልጋሉ። ምስማር ጫፉ ወጥቶ ካዩ ያስመልሱታል። አጣናዎቹ ከቋሚው በስተውስጥ እንጂ በስተውጭ እንዳይመቱ አዘዙ። ጭራሽ ማዕዘን የሚባል ነገር አልፈልግም ብለው መስኩን ዙሪያውን አስከበቡት። አንድ ቋሚ ተተክሎ ባለቀ ቁጥር ራሳቸው መጥተው ትከሻቸውን ያስደግፉና ይገፉታል፤ ከተነቃነቀ ይነቀላል።

"ይሄ ሰው እንዳይገባ የሚታጠር አጥር አይደለም" አለኝ ተፈራ። "ማንም ይዘልለዋል። ውስጥ ያለው ነገር እንዳይጎዳ ነው የሚያሠሩት። ውስጥ ደግሞ ምንም የለም።"

በሩንም ያሠሩት በልዩ መንገድ ነው። ማጠፊያና ብረት የለውም፤ ወደ ጎን የሚሳቡ ወፋፍራም መወርወሪያዎች ናቸው። መወርወሪያዎቹ በነፋስም በግፊያም እንዳይንሸራተቱ አንድ የወይራ ሽብልቅ ጫፋቸው ላይ ይመታል። ሽብልቁ ከተነቀለ መወርወሪያዎቹን ትንሽ ነገር ይገፋቸዋል። ይህን የሚያውቁት ተፈራና እትዬ ዘርፌ ብቻ ናቸው፤ እኔም ከተፈራ ሰምቻለሁ።

አጥሩ ባለቀ በሳምንቱ እትዬ ዘርፌ በማለዳ ወጥተው ጠፉ። ከሰዓት በኋላ በአስኮ መንገድ በእግራቸው ሲመጡ አየናቸው። ልጓም ይዘው ትልቅ ፈረስ እየሳቡ ነበር። የጋሪ ፈረስ አይደለም፤ አንገቱ የኮራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ የጌታ ፈረስ ነው። ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ድረስ ጨርቅ ሸፍነውበታል። ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ አየ። እሳቸው ማንንም ሳያዩ በሩን ከፍተው አስገቡት፣ መወርወሪያውን ዘጉ፣ ለሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ሽብልቁን መቱ።

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬው ሌላ መልክ ያዘ። እንዲህ ያለ ፈረስ አንዲት ብቸኛ ሴት ከየት አመጣች? ፊቱንስ ለምን ሸፈነችው? አቶ ከድር የተሰረቀ ነው አሉ። ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ያጥቢያ ዳኛውን ይዘው መጡ። እኔና ተፈራም ከሰዉ ጋር ቆመን አየን።

ዳኛው መሬቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ ዘርፌ ከባለርስቱ መግዛታቸውንና ሻጩም ጉለሌ እንደሚኖር፣ ልከው ሊያስጠሩት እንደሚችሉ ተናገሩ። ፈረሱስ ሲባሉ የእኔ ነው አሉ። የእርስዎ መሆኑን በምን እናውቃለን ሲሏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ዞረው ቆሙ።

"ጠፋብኝ የሚል ሰው መጥቶ ይጠይቀኝ" አሉ። "እስካሁን የጠየቁኝ ምንም ያልጠፋባቸው ሰዎች ናቸው።"

ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፈረሱን ጠፋብኝ ያለ ሰው እስኪመጣ ተዉት፤ ለላሞቹ ወንዝ መውረጃ ግን በታች በኩል መንገድ እንዲለቁ ፈረዱ። እትዬ ዘርፌ አልተከራከሩም። የታችኛውን አጥር አስነቅለው ወደ ውስጥ አስገቡት። አቶ ከድር ግን አልረኩም፤ ዝም ብለው የተቀበሉት የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው አሉ።

የሚደብቁት ነገር ነበር። ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ስወጣ እትዬ ዘርፌ ፈረሱን በአጥሩ ዙሪያ ሲያዞሩት አየሁ። ጨርቁ ከፊቱ ተነሥቷል። ጉንጩን አጣናው ላይ እያስነኩ፣ ቀስ እያሉ ይወስዱታል። ለእኛ በማያሳዩት ለስላሳ ድምፅ "አይዞህ ቦራ፣ ይኸው እንጨቱ፣ ይኸው ገንዳው" ይሉታል። ያን ጊዜ ነፋስ ከገመዱ ላይ አንሶላዬን ነጥቆ ወሰደው፤ ፈረሱ ፊት ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ፈረስ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ይበረግጋል። ቦራ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ጆሮዎቹ ብቻ ወደ ድምፁ ዞሩ። ቀረብ ብዬ ሳይ ሁለቱም ዓይኖቹ እንደ ተቀዳ ወተት ነጭ ናቸው።

እትዬ ዘርፌ ማየቴን አዩ። አንሶላዬን አጣጥፈው ሰጡኝ።

"አየሽው?" አሉኝ።

"አየሁት።"

"ለማን ትነግሪያለሽ?"

ለማንም እንደማልነግር ቃል ገባሁ። ለምን እንደሚደብቁት ግን ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ "የምወደውን ነገር ያወቀ ሰው የት ቢወጋኝ እንደሚያመኝም ያውቃል" አሉኝ። ከሦስት ቀን በኋላ መጥተው ለማን ነገርሽ ብለው እንደገና ጠየቁኝ። ቅር አለኝ። ቢሆንም ለተፈራ እንኳ አልተናገርኩም።

ከዚያ ያ ማለዳ መጣ። ገና ከቤት ሳልወጣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወድቋል፣ ጫማ አላደረጉም። ቦራ የለም። መወርወሪያዎቹ ወደ ጎን ተስበዋል፣ ሽብልቁ የለም። ተፈራ ቁምጣውን ሳይቀይር ከኋላዬ መጣ። እሳቸው እሱን ትተው እኔን አዩኝ።

"ዓይነ ስውር መሆኑን ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም" አሉ። "በሩ እንዴት እንደሚከፈት ከባልሽ ሌላ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ፈረስ የማያውቀው ሰው ቢመጣበት ይራገጣል፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። የዛሬ ሌሊቱ ሰው እንዴት እንደሚያባብለው ያውቃል። ለማን ሰጣችሁት?"

ከእንባዬ ጋር ስታገል ተፈራ ጫማውን አጠለቀ። ተከራክሮ ጊዜ ከማጥፋት መፈለግ እንደሚሻል ብቻ ተናገረና ወጣ። እኔም ተከተልኩት። እትዬ ዘርፌ ከኋላችን ይመጣሉ፤ እየፈለጉ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደምንሄድም እየተከታተሉ መሆናቸው ይሰማኝ ነበር። የወንዙ ገደል ያን ጊዜ የጅብ ዋሻ ነበረበት። ያረጀና የታመመ የጋሪ ፈረስ እዚያ ይጣል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ስሙን አልጠራውም እንጂ ሁላችንም የሄድነው ወደዚያው ነበር።

ከገደሉ አፋፍ ባሕር ዛፎቹ መሀል ቦራን አገኘነው። ቆሟል። አጠገቡ አቶ ከድር ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የአንገት ፀጉሩን ይዘዋል፣ በሌላው ጋቢያቸውን በጀርባው ላይ ደርበውለታል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። እትዬ ዘርፌን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ወላሂ እኔ አልነካሁትም" አሉ። "ለሱብሂ ሰላት ስነሣ ኮቴ ሰማሁ። ወርጄ ሳየው አንድ እግሩ አፋፉን ጨርሶ ነበር። ጎትቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲያ አልንቀሳቀስ አለ። ብለቀው ገደል ይገባል፤ ይዤው ብመጣ ሌባ ይሉኛል። ምን ላድርግ? ቆምኩ።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እትዬ፣ ፈረሱ አያይም እኮ። ለምን አልነገሩንም?" አሏቸው።

እትዬ ዘርፌ ፈረሱ አንገት ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ቦራ ሲያሸታቸው ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ መራመድም ጀመረ። አቶ ከድር በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል ሆነው ዳገቱን ይዘውት ወጡ። እኔና ተፈራ ከኋላ ነን። እኔ ግን አሁንም ቂም ይዤ ነበር። አቶ ከድርንም አላመንኳቸውም። የሰረቁትን ሲደርሱባቸው ያዳንኩት ቢሉስ እያልኩ አስብ ነበር።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ፈረሱን አስገቡና መወርወሪያዎቹን ሳቡ። ተፈራ ለጊዜው የሚሆን ሽብልቅ ሊጠርብ እንጨት ፈለገ። እትዬ ዘርፌ ቢላዋ ላቀብልህ ብለው መቀነታቸውን ሲፈቱ አንድ ነገር እግራቸው ሥር ወደቀ። የወይራው ሽብልቅ ነበር።

ሁላችንም አየነው። እትዬ ዘርፌ ጎንበስ ብለው አነሡትና መዳፋቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት። ቀስ ብሎ ትዝ አላቸው። ሁልጊዜ ሲመሽ፣ አለመላላቱን ለማረጋገጥ ሽብልቁን ነቅለው፣ አይተው፣ መልሰው ይመቱት ነበር። በዋዜማው ሲነቅሉት ዝናብ መጣ። ፈረሱን ጥግ ላይ ወዳሠሩለት መጠለያ ሊያስገቡ ሮጡ፤ ሽብልቁን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡትና ረሱት። መወርወሪያዎቹን ገፍቶ የወጣው ቦራ ራሱ ነው፤ ሌላ ሌባ አልነበረም።

አቶ ከድር ጋቢያቸውን ከፈረሱ ጀርባ አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተፈራም መሣሪያውን ሰበሰበ። እኔ ልከተለው ስል እትዬ ዘርፌ እጄን ያዙኝ። ነክተውኝ አያውቁም ነበር። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አስቀመጡኝ። የሕይወታቸውን ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ የመኳንንት ግቢ ወጥ ቤት ነበሩ። ጌታቸው የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ በዚያው ግቢ ባልደራስ ሆኖ ፈረስ ይገራ ነበር። ቦራን ከውርንጭላነቱ ያሳደገው እሱ ነው። አንድ ቀን ልጁ በመንግሥት ላይ ክፉ ተናገረ ተብሎ ተያዘ። የጠቆመችው አብራቸው ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ልጇን ክርስትና ያነሡላት እሳቸው ነበሩ፣ አበልጃቸው ናት። ልጁ ታስሮ ሳለ ታመመ፤ ሬሳውን ሰጧቸው። ፈረሱ ከዓመታት በኋላ በዓይን ሞራ ሲታወር የግቢው ሰዎች ለጅብ ይጣል አሉ። እትዬ ዘርፌ ለእኔ ስጡኝ ሲሉ ሳቁባቸውና ሰጧቸው። ፈረሱን ለጊዜው እዚያው ትተው፣ ያጠራቀሟትን ይዘው ከግቢው ወጡ፤ መጀመሪያ የሠሩለት አጥር ነበር።

"ያቺ ሴት ስትጠይቀኝ ሁሉን እነግራት ነበር" አሉኝ። "ልጄ ምን እንደሚል፣ ማንን እንደሚጠላ። ጓደኛዬ ናት ብዬ። አንድም ቀን መልሼ አልጠየቅኋት።"

ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም አልጠበቅኩም። እጄን ግን ለረጅም ጊዜ አለቀቁትም።

በማግስቱ ተፈራን አስጠሩት። የቀረ አጣና አሳዩትና ሌላ በር እንዲቆርጥላቸው ጠየቁት። ወዴት በኩል ሲላቸው ወደ አቶ ከድር ቤት የሚያየውን ጎን አመለከቱ። መስኩ ለአንድ ፈረስ ይበዛል፣ ሣሩም ሳይበላ ከሚደርቅ ላሞቹ ይግቡበት አሉ። ፈረስም ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል፤ ላሞቹ ሲራመዱ ድምፃቸውን ሰምቶ አቅጣጫውን ያውቃል አሉ። ተፈራ ለክቶ ቋሚውን ሲያቆም ሽብልቁ የሚመታው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃቸው። በውስጥ ከሆነ የሚከፍቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። በውጭ ከሆነ የሚከፍቱት አቶ ከድር ናቸው።

እትዬ ዘርፌ ዙሪያውን ተራመዱ፣ አዲሱን ቋሚ በትከሻቸው ገፉት፣ እንደገና ተራመዱ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። አቶ ከድርም ላሞቻቸውን ይዘው ከወዲያ ማዶ ቆመዋል፤ የሚደረገውን እያዩ ምን ሊያመጡብኝ ነው በሚል ዓይነት ፊት።

"በውጭ አድርገው" አሉት ለተፈራ። "በእሱ በኩል።"